የማይታየውን ብርሃን ዓይኗ ስላደረገች ሠረገላ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነገረ)



በዚህ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ቆመን እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ፥ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ሮቦትና ስለ መጪው ዘመን ታላላቅ ነገር ለመናገር ነበር። በኋላ ግን በዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችውን፥ ከካርቶንና ከሁለት ትንንሽ ሞተሮች የተሠራችውን ሠረገላ አየናትና ንግግራችን ከእርሷ ቁመት እንዳይበልጥ ተስማማን። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሠረገላይቱ ከፊቷ ዕቃ መኖሩን በምን እንደምታውቅ፥ እንድታውቅም ለማድረግ እኛ ስንት ጊዜ እንደ ተሳሳትን ነው።

ሮቦት የሚለው ቃል ለዱራሜ ሰው እንግዳ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ወደ አዲስ አበባ መጥታ በአማርኛ ስትናገር ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋል፤ የአዲስ አበባው የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎችም በሶፍትዌሯ ሥራ ተካፋዮች እንደ ነበሩ ሰምታችኋል። ነገር ግን ለእኛ ይበልጥ ልባችንን የነካው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ ኢዘዲን ካሚል የተባለ የወልቂጤ ተማሪ፥ ሰው በእጁ ሳይነካው ሳሙና የሚሰጥ መሣሪያ ሠራ። ወልቂጤ ዛሬ ከእኛው ጋር በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ኢዘዲንም በዚያን ጊዜ እንደ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። እጅ ሲቀርብላቸው ሳይነኩ የሚሠሩ ዕቃዎች አብዛኛዎቹ እጅን የሚያዩት በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። እኛም ለሠረገላችን የፈለግነው ይህንኑ ብርሃን ነበር።

ይህ ብርሃን በአማርኛ ታሕተ ቀይ ጨረር ይባላል፤ በተለምዶ ኢንፍራሬድ የሚሉት ነው። ያገኘው ሰው ዊልያም ኸርሸል ይባላል። ኸርሸል በጀርመን አገር ተወልዶ በእንግሊዝ የኖረ የሙዚቃ ሰው ነበር፤ ኋላ ግን ከዋክብትን መመልከት ጀመረና ዩራነስ የተባለችውን ፈለክ በ1781 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አገኘ። በ1800 ደግሞ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም አሳልፎ እንደ ቀስተ ደመና ከበተነው በኋላ፥ እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል እንደሚያሞቅ ለማወቅ ቴርሞሜትር እያስቀመጠ ለካ። ሙቀቱ ከወይን ጠጅ ቀለም ወደ ቀይ በተጠጋ ቁጥር ይጨምር ነበር። ቴርሞሜትሩን ከቀዩ አልፎ፥ ምንም ብርሃን በማይታይበት በጨለማው ቦታ ባስቀመጠው ጊዜ ግን ሙቀቱ ከቀዩ እንኳ በለጠ። እንግዲህ ከቀይ በታች፥ ዓይን የማያየው ብርሃን አለ ማለት ነው። እኛ ይህን ስናነብ የገረመን ነገር ቢኖር፥ እንዲህ ያለው ታላቅ ነገር የተገኘው በመስኮት ብርሃን፥ በአንድ ቁራጭ መስተዋትና በጥቂት ቴርሞሜትሮች መሆኑ ነው።

የሰው ዓይን የሚያየው ቀይ ብርሃን የሞገዱ ርዝመት እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ናኖሜትር ማለት ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል ነው። የእኛ ትንሽ አምፑል የምትሰጠው ብርሃን 940 ናኖሜትር ስለ ሆነ ከዓይናችን ያልፋል። ይህች አምፑል እንግዳ አይደለችም፤ በቤታችሁ ባለው የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ላይ ያለችው ናት። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አዙራችሁ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ፤ በስልኩ ላይ ነጣ ያለ ወይን ጠጅ ብልጭታ ታያላችሁ፤ በዓይናችሁ ግን ምንም አታዩም። እኛም አምፑላችን መሥራት አለመሥራቷን የምናውቀው በዚህ ዘዴ ነው፤ ሌላ መለኪያ አልነበረንም። (በኋላ በኩል ያለው ካሜራ ይህን ብርሃን የሚከለክል መስተዋት ብዙ ጊዜ ስላለው አይረዳም። ይህን ሳናውቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ደኅና አምፑል ተበላሸ ብለን ልንጥል ነበር።)

የመሣሪያው አሳብ ቀላል ነው። አምፑሏ የማይታየውን ብርሃን ወደ ፊት ትልካለች፤ ከፊት ዕቃ ካለ ብርሃኑ ከዕቃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ከአምፑሏ አጠገብ ያለው ፎቶዳዮድ የተባለው ተቀባይ የተመለሰውን ይቀበላል። ዕቃ ከሌለ የሚመለስ የለም። በሌሊት ባትሪ ይዞ የሚሄድ ሰው ከፊቱ ግድግዳ መኖሩን የሚያውቀው በዚሁ መንገድ አይደለምን?

የምንጠቀምበት ኃይል ከአራት የባትሪ ድንጋይ የሚገኝ 6 ቮልት ነው። አምፑሏ ለራሷ የምትፈልገው 1.2 ቮልት ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ የቀረውን የሚሸከምላት 220 ኦም የሆነ ሬዚስተር አስቀደምንላት። ከ6 ላይ 1.2 ሲቀነስ 4.8 ይቀራል፤ 4.8 ለ220 ሲካፈል 22 ሚሊአምፔር ያህል ይሆናል። ይህ ለአምፑሏ የማይከብዳት ነው። ያለ ሬዚስተር ያገናኘናት የመጀመሪያይቱ አምፑል ግን አንድ ጊዜ ሞቀችና ሞተች፤ ብርሃኗ ስለማይታይ መሞቷን እንኳ ቶሎ አላወቅንም።

ፎቶዳዮዱ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ ብቻውን ሞተር ሊያስቆም አይችልም። ስለዚህ ኤልኤም 358 የተባለውን፥ ስምንት እግር ያለውን ጥቁር ዕቃ በመካከል አገባን። ሥራውን ለወላጆቻችን ለማስረዳት በገበያችን ቀን የምናየውን ሚዛን እንውሰድ። በአንደኛው ሰሐን ላይ የተመለሰው ብርሃን የሚፈጥረው ቮልት ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ሰሐን ላይ እኛ በምናዞረው ትንሽ ቁልፍ የምንወስነው ቮልት እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። የብርሃኑ ሰሐን ከድንጋዩ ሲከብድ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ይወድቃል፤ መሣሪያውም «አየሁ» ይላል፤ ቀይ አምፑልም ይበራል። ሲቀልል «አላየሁም» ይላል። ድንጋዩን ማቅለል ማለት ሠረገላይቱ ከሩቅ እንድታይ ማድረግ ነው፤ ማክበድ ማለት ደግሞ ከቅርብ ብቻ እንድታይ ማድረግ ነው። ድንጋዩን ከልክ በላይ ያቀለለ ነጋዴ ግን ገበያው ሁሉ እንደሚጣላው፥ እኛም ቁልፉን ከልክ በላይ ስናዞር መሣሪያው ከፊቱ ምንም ሳይኖር «አየሁ፥ አየሁ» ማለት ጀመረ።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንግባ። የመጀመሪያው ስሕተት ፎቶዳዮዱን አዙረን ማስገባታችን ነው። ሌላው አምፑል ሁሉ ረዥሙ እግሩ ወደ ፖዘቲቭ ስለሚሄድ ይህንም እንደዚያው አደረግነው። ፎቶዳዮድ ግን ለዚህ ሥራ ተገልብጦ ነው የሚገባው፤ ያን ጊዜ በሩ ዝግ ይሆንና ብርሃን ሲነካው ብቻ እንደ ብርሃኑ መጠን ጥቂት ጥቂት ያሳልፋል። እኛ እንዳስገባነው ሲሆን በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስለዚህም ቀዩ አምፑል ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ በራ፤ እኛም ጥፋቱን በሚዛኑ ላይ፥ በባትሪው ላይ፥ ብየዳውን በሠራው ጓደኛችንም ላይ ስናሳብብ ሰነበትን። ያ ጓደኛችን ዛሬ ከእኛ መካከል ቆሟልና በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንለዋለን።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ አስተማረን። አምፑሏና ተቀባዩ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ብርሃኑ ወደ ፊት ሄዶ ሳይመለስ በጎን በኩል በቀጥታ ይሻገራል። በመካከላቸው ጋራጅ እንደሚያስፈልግ ገባንና ከአንድ አሮጌ ዲኮደር ፊት ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ቆርጠን ተከልንበት። ምንም ለውጥ የለም። ወፍራም ነው፥ ጥቁር ነው፥ በዓይናችን ስናየው ከበስተኋላው ያለው አይታይም፤ ብርሃኑ ግን እንዳልነበረ ሆኖ ያልፈዋል። በስልኩ ካሜራ ስናየው አምፑሏ ከጥቁሩ ፕላስቲክ በስተጀርባ ደምቃ ታየች። ነገሩን በኋላ ስናስበው ግልጽ ሆነልን፤ ያ ፕላስቲክ በዲኮደሩ ፊት የተደረገው የሪሞቱን ጨረር እንዲያሳልፍ፥ የሚታየውን ብርሃን ግን እንዲከለክል ተብሎ ነው! ከብዙ ጥቁር ዕቃ መካከል ለሥራችን የማይሆነውን አንዱን መርጠን አምጥተናል። ፕላስቲኩን ጣልንና በስስ አሉሚኒየም የተጠቀለለ የካርቶን ቱቦ ለእያንዳንዳቸው አለበስን፤ መሣሪያውም በዚያው ቀን ሠራ።

ከዚህ በኋላ ለዓይናችን ጥቁር የሆነ ነገር ሁሉ ለሠረገላይቱ ጥቁር ነው ብለን ማመን ተውን፤ ማስመሪያ ዘርግተን የተለያየ ዕቃ እያቀረብን ከስንት ሴንቲሜትር እንደምታይ ለካን። ነጭ ወረቀትን ከ14 ሴንቲሜትር አየች። የሰው እጅን ከ11። የአንድ ጓደኛችንን ጥቁር ሱሪ ከ12 ሴንቲሜትር አየችው፤ ማለት ጥቁር ሱሪና ነጭ ወረቀት ለእርሷ ያን ያህል አይለያዩም፤ ብዙ የጨርቅ ማቅለሚያ የሚታየውን ብርሃን እንጂ ይህን ጨረር አይውጥምና። ከአንዲት እናታችን ቤት የተዋስነውን በጥላሸት የጠቆረ ጀበና ግን እስከ 3 ሴንቲሜትር እስኪጠጋ ድረስ አላየችውም፤ ጥላሸት ሁለቱንም ብርሃን ይውጣል። መስተዋት ደግሞ በቀጥታ ካልቆመ ብርሃኑን ወደ ሌላ ወገን ወስዶ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ሠረገላይቱ መስተዋቱን ገጭታዋለች።

ከሁሉ የገረመን የእንሰት ቅጠል ነው። ለዓይናችን ከነጭ ወረቀት ይልቅ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ሠረገላይቱ ግን ከ13 ሴንቲሜትር አየችው። መምህራችንን ስንጠይቃቸው፥ ሕያው ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ሥራ እንደሚውጥ፥ ከቀይ በታች ያለውን ግን ለሥራው ስለማይጠቅመው ግማሽ ያህሉን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ ነገሩን። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የምድርን ሰብልና ደን ከሰማይ የሚለዩት ይህንኑ ልዩነት በመለካት ነው። ስለዚህ በጓሯችን ያለው የእንሰት ተክል ከላይ ለሚያልፈው ሳተላይት እንደ ደመቀ ነገር ይታያል ማለት ነው። ይህን የሰሙ አንድ አባት «ታዲያ ቅጠሉ ሲታመም ያውቃል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ቅጠል ሲደርቅና ሲጎዳ የሚያንጸባርቀው መጠን እንደሚለወጥ፥ ባለሙያዎችም በዚህ እንደሚጠቀሙ መለስንላቸው፤ የእኛ ሠረገላ ግን ይህን ለመለየት እንደማትበቃ ጨመርንላቸው። ለሚቀጥለው ዓመት የክበቡ አባሎች ይህን ጥያቄ በአደራ እንተውላቸዋለን።

ሁለት ዓይን ከሠራን በኋላ ከሞተሮቹ ጋር አገናኘናቸው። በሠረገላይቱ ላይ ኮምፒዩተር የለም፤ ግራው ዓይን ዕቃ ሲያይ የቀኙ ሞተር ይቆማል፤ የግራው ጎማ ግን መሄዱን ስለሚቀጥል ሠረገላይቱ ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ ከዕቃውም ትሸሻለች። የቀኙ ዓይንም በተቃራኒው ነው። ሽቦውን በተሳሳተ ወገን ያገናኘን ዕለት ግን ግድግዳውን ባየች ቁጥር ወደ ግድግዳው እየሮጠች ታቅፈው ነበር።

አሁን ስለ ፀሐይ እንናገር። ዱራሜ በጧት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፤ ከሀምበሪቾ ተራራ ጉም ይወርዳል፥ ብርሃኑም ለስላሳ ነው። እኛ በጧት ስንሞክር ሠረገላይቱ ያለ ነቀፋ ትሄድ ነበር። ጉሙ ተገፎ አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ግን፥ ሠረገላይቱ ከብርሃኑ ክፍል እንደ ደረሰች ቆማ ቀረች። ሁለቱም ዓይኖች «አየሁ» ብለው ሁለቱንም ሞተር አቁመዋል። ኸርሸል የነገረን ይኸው ነው፤ ከፀሐይ የሚመጣው ከቀይ በታች ያለ ብርሃን እጅግ ብዙ ነው፤ የእኛ የአምፑል ብርሃን በእርሱ ውስጥ በገበያ መካከል እንደሚንሾካሾክ ሰው ድምፅ ነው። ድንጋዩን ብናከብደው በጥላ ቦታ ምንም አታይም፤ ብናቀልለው በፀሐይ ትቆማለች።

በገበያ መካከል አንድን ሰው ለይቶ ለመስማት የሚቻልበት አንድ መንገድ አለ፤ ያ ሰው ሌላው የማያደርገውን ምልክት ቢያደርግ፥ ለምሳሌ በአንድ ዓይነት ልክ ቢያፏጭ ነው። የፀሐይ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይመጣል እንጂ አይርገበገብም። ስለዚህ አምፑላችንን በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እንድትበራና እንድትጠፋ አድርገን፥ ይህን ርግብግቢት ብቻ የሚሰማ ተቀባይ ብንጠቀም ፀሐይ አታታልለንም። እንዲህ ያለ ተቀባይ በየአሮጌው ቴሌቪዥንና ዲኮደር ውስጥ ሦስት እግር ይዞ ተቀምጧል፤ የሪሞት ቋንቋ ይኸው ነውና።

ርግብግቢቱን የሚሰጠን 555 የተባለው ዕቃ ነው። ሐንስ ካመንዚንድ የተባለ የስዊስ ተወላጅ በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነድፎት በሚቀጥለው ዓመት ለገበያ ቀርቧል፤ እስከ ዛሬም አልተተወም። የሚርገበገብበት ፍጥነት የሚወሰነው በሁለት ሬዚስተሮችና በአንድ ካፓሲተር ነው፤ 1.44ን ለመጀመሪያው ሬዚስተርና ለሁለተኛው እጥፍ ድምር፥ ደግሞም ለካፓሲተሩ ማካፈል ነው። እኛ 1 ሺህ ኦም፥ 18 ሺህ ኦምና 1 ናኖፋራድ መረጥን። ድምሩ 37 ሺህ ይሆናል፤ ሲካፈል 38 ሺህ 900 ገደማ ይወጣል። ከ38 ሺሁ ጥቂት ቢበልጥም ተቀባዩ ይሰማዋል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» እያልን ስንጠይቃቸው ለኖሩት መምህራችን ይህን ስሌት በወረቀት ጽፈን አሳየናቸው፤ ፈገግ አሉና ሁለት የአሃዝ ስሕተት አረሙልን።

ነገር ግን አሁንም አልሆነም። ተቀባዩ ዕቃውን ለጥቂት ጊዜ አየውና ዕቃው ሳይነሣ ዓይኑን ጨፈነ። ደግመን ስናበራው እንደገና አይቶ እንደገና ጨፈነ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሪሞት ሲናገር ጥቂት ብሎ ያርፋል፥ ጥቂት ብሎ ያርፋል፤ ሳያርፍ የሚጮኽ ብርሃን ግን የክፍሉ መብራት ረብሻ ነው ብሎ ተቀባዩ ጆሮውን እንዲደፍን ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ የመጀመሪያውን 555 እያበራ እያጠፋ የሚያሳርፈው ሁለተኛ 555 ጨመርን። ደግሞም ይህ ተቀባይ ሲያይ ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ፥ ሳያይ ከፍ የሚያደርግ ስለ ሆነ፥ ንግግሩን የሚገለብጥ አንድ ትራንዚስተር አስፈለገው። ይህ ሁሉ ሲሟላ ሁለተኛይቱ ሠረገላችን በጠራራ ፀሐይ በሜዳው ላይ ሄደች፤ ነጭ ግድግዳንም ከ60 ሴንቲሜትር አየች።

አሁን የምንነግራችሁ ነገር በንግግራችን ውስጥ ይግባ አይግባ ብለን የተከራከርንበት ነው። በክፍላችን ዓይነ ስውር የሆነ ጓደኛ አለን፤ ስሙን እንዳንጠራው ጠይቆናል። ሠረገላይቱ በሜዳ የሄደች ዕለት ጩኸታችንን ሰምቶ መጣና በእጁ ዳስሶ አያት። ከዚያም፥

«እናንተ ልጆች፥ ይህች ነገር ከፊቷ ያለውን ካወቀች በበትሬ ጫፍ ላይ ብታስሯትስ? ዕቃ ሲቀርብ ትጩኽልኝ።» አለን።

ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በዚህ በዓል ላይ ያቺን በትር ይዞ በመካከላችሁ ሲሄድ ልናሳያችሁ አሰብን። በአንድ ሳምንት ውስጥ መሣሪያውን ከበትሩ ላይ አሰርነው፤ በአዳራሹ ውስጥም ከነጩ ግድግዳ ፊት ያለ ስሕተት ጮኸች። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣን። በእሳት የጠቆረውን የአጥር ግንድ 15 ሴንቲሜትር እስኪቀር ድረስ አልጮኸችለትም። ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ ሲጠጋ ፈጽማ ዝም አለች፤ ከፊት የሚመለስ ብርሃን የለምና ጉድጓድ ለእርሷ ክፍት መንገድ ነው። ከእኛ አንዱ ክንዱን ይዞ ባይጎትተው ኖሮ እግሩ ይገባ ነበር።

በዚያ ማታ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቻችን «በበዓሉ ቀን በአዳራሽ ውስጥ ብቻ እናሳይ፤ በአዳራሹ ይሠራል፤ ወላጆችም ይደሰታሉ» አልን። ይህን ያልነው እኛው ነን፤ ሌላ ሰው አይደለም። የቀሩት አንድ ሒሳብ አቀረቡ። ሰው በመጠነኛ እርምጃ ሲሄድ በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ መሣሪያው ከ60 ሴንቲሜትር ቢያይ ለጓደኛችን የሚተርፈው ጊዜ ከሴኮንድ አሥር እጅ ስድስት እጅ ነው፤ ጥቁር ነገር ከሆነ አንድ ተኩል እጅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰምቶ፥ አስቦ፥ እግሩን ማቆም አይችልም። ከዚህም በላይ በእጁ ያለው ተራ በትር ቦዩን ያገኝለት ነበር፤ የእኛ መሣሪያ ግን ዝም ስትል «ደኅና ነው» ያለችው መስሎት አመናት። ከዚህ በኋላ የተከራከረ አልነበረም።

በማግሥቱ ሄደን በትሩ እንደማይሆን ነገርነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ በድምፅ ሞገድ የሚለካው መሣሪያ እንደሚሻል፥ የዕቃው ቀለም እንደማያታልለው፥ እስከ 4 ሜትር የሚያይ ርካሽ ዓይነት እንዳለም ነገርነው፤ ያም ቢሆን ለቦይ ብቻውን እንደማይበቃ አልደበቅነውም። ዝም ብሎ ሰማንና፥

«ታዲያ በበሩ ላይ አድርጉልኛ!» አለ።

ምን ማለቱ እንደ ሆነ አልገባንም። እርሱም አስረዳን። ክፍት በር አያስቸግረውም፤ ዝግ በርም አያስቸግረውም፤ በትሩ ያገኘዋል። የሚያስቸግረው ገርበብ ያለ በር ነው። በትሩ በመቃኑና በመዝጊያው መካከል ባለው ክፍት ቦታ ያልፋል፤ የመዝጊያው ጠርዝ ግን ከግንባሩ ጋር ይገናኛል። በግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየን። ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጠን፥ በሩን በየቀኑ ገርበብ አድርገን የምንሄደው እኛ ነን።

ይህ ሥራ ደግሞ ለመጀመሪያው ቀላል መሣሪያችን የተፈጠረ ይመስል ነበር። ፀሐይ በማይገባበት ጥግ ነው፤ የሚታየው ዕቃ ሁልጊዜ አንድ፥ ቀለሙም የታወቀ ነው፤ ርቀቱም ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አንዱን ዓይን በመቃኑ ላይ አደረግነው፤ በሩ ሲዘጋ ያያል። ሁለተኛውን በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በሚጠጋበት ግድግዳ ላይ አደረግነው። በኤልኤም 358 ውስጥ ሁለት ሚዛን ስላለ አንዱ ዕቃ ለሁለቱም ዓይን በቃ። ሁለቱም «አላየሁም» ሲሉ በሩ ገርበብ ብሏል ማለት ነውና አንዲት ትንሽ ጩኸተኛ ትጮኻለች።

የቀረው ችግር ባትሪ ነበር። ሁለቱ አምፑሎች እያንዳንዳቸው 22 ሚሊአምፔር እየወሰዱ ከሌላው ጋር 50 ያህል ይሆናል፤ 2 ሺህ ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ የባትሪ ድንጋይ በ40 ሰዓት ያልቃል፤ በትምህርት ቀን 6 ሰዓት ብንቆጥር ሳምንት ጥቂት ያልፋል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስናሰላ ከ9ኛ ክፍል የመጣች አዲስ አባላችን እጇን አወጣችና «ሁለቱን አምፑሎች ለምን በተከታታይ አትሰክኳቸውም?» አለች። ሁለቱ 2.4 ቮልት ይወስዳሉ፤ 3.6 ይቀራል፤ በ180 ኦም ሬዚስተር 20 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ያው አንዱ ኤሌክትሪክ ሁለቱንም ያበራል። የባትሪው ዕድሜ በአንድ ጥያቄ እጥፍ ገደማ ሆነ። እኛ በሬዚስተር ውስጥ ስናቃጥለው የነበረውን ኃይል አይታ ነው።

መሣሪያው ዛሬ በክፍላችን በር ላይ አለ። ባትሪውን የምንለውጠው በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ነው፤ ተራው የማን እንደ ሆነ ከበሩ ጀርባ ተጽፏል። በመጀመሪያው ሳምንት ጩኸቱ በየሰዓቱ ይሰማ ስለ ነበር አንድ መምህር እንዲነሣ ጠየቁን፤ እኛም በሩ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት ወይም ቢዘጋ ዝም እንደሚል ነገርናቸው። አሁን ጩኸቱ እምብዛም አይሰማም፤ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ጩኸቱን ስለማይወድ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ይገፋዋል። ጓደኛችን እንደሚለው፥ ባትሪው ያለቀ ዕለት እንኳ በሩ ገርበብ ብሎ አላገኘውም።

አሁን ሁለቱን ሠረገላዎች በዚህ ወለል ላይ ጎን ለጎን እንለቃቸዋለን። ከመስኮቱ በታች ያለውን ፀሐይ የወደቀበትን ቦታ ተመልከቱ፤ የመጀመሪያይቱ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች፥ ሁለተኛይቱ ታልፋለች። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች እግራችሁን ጥቂት ሰብሰብ አድርጉልን፤ በጥቁር ቀለም የተወለወለ ጫማ ከቅርብ ካልሆነ አታይም።